የቁራጭ ብረቱን ሚዛን ማን ያንብብ?

የገበሬ ማኅበር አባላት ሆይ! በየጓሯችን የወደቀው ቁራጭ ብረት ገንዘብ ነው። ያለቀ ማረሻ፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ እጀታው የወለቀ ድስት ዝገት ከሚበላው ተሸጦ ለልጅ ደብተር ቢውል ነውር የለበትም። ነውሩ ልዋጭ ባይ መጥቶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ አስይዞን የግቢውን ብረት ሁሉ ጭኖ ሲሄድ ዝም ማለታችን ነው። ሳፋው ስንት ያወጣል? ብረቱስ ስንት ኪሎ ነበር? ጠያቂ የለም።

ልዋጭ ባዩ ግን ሒሳቡን ያውቃል። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ አሮጌው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የቤት ዕቃ ይሆናል። ሌላውም ማቅለጫ ፋብሪካ ገብቶ ለሕንፃ የሚሆን ፌሮ ይወጣዋል። በየእጁ ትርፍ አለ፤ የእኛ እጅ ብቻ ባዶ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቁጥር የተማርነው ለምን ሆነና? የሚዛንን ቁጥር ራስን ችሎ ለማንበብ አይደለም እንዴ? ተንጠልጣዩ ሚዛን ዕቃ ሳይሰቀልበት ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ። መዳብና አሉሚኒየምም ከብረት ጋር አብረው አይመዘኑ፣ ዋጋቸው ይበልጣል። ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቶ ማስጠጋት ነው፤ ብረቱን ይስበዋል፣ መዳቡን አይነካውም። የመዳብ ሽቦ ላስቲኩን በእሳት ማቃጠል ግን ይቅር፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሁሉም ብረት ደግሞ አይሸጥም። የመኪና ባሌስትራ ያገኘ ሰው ለባለ እጁ ይስጥ። ግሎ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ብረት ስለሆነ ጥሩ መጥረቢያና ቢላዋ ይወጣዋል። (ባለ እጁን «ቀጥቃጭ» እያለ የሚንቅ አሁንም አለ፤ ማረሻውን ማን እንደሠራለት ቢጠየቅስ ምን ይል ይሆን?)

ከሁሉ የሚያስፈራው ያልፈነዳው ነው። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ እስከ 2013–2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ድረስ ስንት ቦምብና የመድፍ ጥይት በማሳችን ወድቋል! ዝጎ ተራ ብረት ይመስላል። እረኛ ልጅ «ኪሎ ይመዝናል» ብሎ በድንጋይ ሲመታው እጁን ወይም ነፍሱን ያጣል። አይነካ፣ አይነሳ፤ ቦታው ላይ ከራቅ ብሎ ምልክት ተደርጎ ለፖሊስ ይነገር።

የመብራት ምሰሶ ብረት ፈትቶ የሚሸጥም አለ። ምሰሶው ሲወድቅ ወፍጮው ይቆማል፣ ጤና ጣቢያው ይጨልማል። ከየት አመጣኸው ሳይል የሚገዛውም ከሌባው አይለይም ባይ ነኝ።

እንግዲህ ማኅበሩ አንድ ሚዛን ይግዛ። አውድማው ሲያበቃ ብረቱ ተሰብስቦ በአንድ ቀን፣ በሰው ፊት ይሸጥ። ኪሎውንም ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት እናቶች አንዷ በመዝገብ ትያዝ።