ገንዘብ ሲገባ ያልተጠየቀ መታወቂያ ሲወጣ ለምን ይጠየቃል?

ፓርቲያችን የቁማር ደጋፊ አይደለም። ወጣቱን ወደ ቤቲንግ የገፋው ሥራ አጥነት መሆኑን ደጋግመን ተናግረናል። ነገር ግን መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶ፣ ግብር እየሰበሰበበት የተስፋፋ ንግድ እስከሆነ ድረስ በሕግ መገዛት አለበት እንላለን።

በእጅ ስልክ የሚካሄደው ውርርድና ካዚኖ በብዙ ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን አስመዝግቦ በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘቡን ያስገባል፤ 50 ብርም ይሁን 5,000 ብር ማን ነህ የሚለው የለም። ቀንቶት ላውጣ ሲል ግን መታወቂያህን ፎቶ አንስተህ ላክ ይባላል። መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመታወቂያው ላይ «ፀሐይ» የተባለ ስም በላቲን ፊደል በሁለት በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ከባንክ ደብተሩ ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይታገዳል። በ1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1999 ወይም የ2000 ልጅ ነው፤ ይህን የማያውቅ ኮምፒዩተር አጭበርባሪ ያደርገዋል። ሲም ካርዱ በወንድሙ ስም የወጣ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ መሸኛ ባለማምጣቱ የቀበሌ መታወቂያ የተከለከለ ተከራይ ደግሞ ጭራሽ መድረሻ የለውም።

ማንነት መጣራቱን አንቃወምም። በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ እንዳይቀርብ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 780 ወጥቷል፤ ሕፃናትን ከቁማር መጠበቅም ተገቢ ነው። ታዲያ ለዚህ ከሆነ ማጣራቱ በር ላይ መሆን አልነበረበትም? ልጁ ሲከስር ዕድሜው አልተጠየቀም፤ ሲያሸንፍ ልጅ ነህ ተባለ። ይህ ሕግ ማስከበር ሳይሆን ላለመክፈል ሰበብ መፈለግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል፤ አንደኛው ወገን ሲያተርፍ ብቻ የሚጸና ውል አናውቅም።

ሌላም ሥጋት አለ። የተላከው የመታወቂያና የፊት ፎቶ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ዜጋው ግን ፎቶውን በስልክ ሲልክ ስለ መብቱ የሚነግረው ሰው የለም።

በምክር ቤት ወንበር ስናገኝ ማንነት ሳይጣራ አንድ ብር እንኳ መቀበልን የሚከለክል ድንጋጌ እናቀርባለን። ሳያጣራ የተቀበለ ድርጅት ሰነድ አልተሟላም ብሎ ደንበኛው ያስገባውን ገንዘብ ሊያስቀር አይችልም። የፊደል ወይም የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ብቻውን የክልከላ ምክንያት አይሆንም። ክፍያ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ያንን ወረቀት ይዞም ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያለ ጠበቃና ያለ ክፍያ አቤት ይላል።