መንኮራኩሩና የእህታችን ኮከብ

እስኪ እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን ስኒ ሲታይለት ጆሮውን ያላቆመ ማን ነው? እኛ መካነ ኢየሱስ ያደግን ልጆች ነን። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ ስኒው ይደፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታችን አንስታ ታገላብጠውና «መንገድ ታየኝ» ትላለች። መንገዱ ደብረ ታቦር ድረስ ይሁን ዓረብ አገር፣ እሷ አትጨርሰውም። የሚጨርሰው ሰሚው ነው።

በቅርቡ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ አንዲት ጓደኛችን ከቦርሳዋ የታሮት ካርድ አወጣችና «አንድ ምዘዙ» አለችን። መዘዝን። የወጣልን አሥረኛው ካርድ ነበር፦ የዕድል መንኮራኩር።

ካርዱ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን የታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ የሣለችው ነው። መሃል ላይ መንኮራኩር አለ፤ በአንድ በኩል እባብ ይወርዳል፣ በሌላው የቀበሮ ራስ ያለው ፍጡር ይወጣል። እኛን ያስደነገጠን ግን አራቱ ማዕዘን ነው። ሰው፣ ንስር፣ በሬና አንበሳ፤ ሁሉም ክንፍ አላቸው፣ ሁሉም መጽሐፍ ዘርግተዋል። «እንዴ! አርባዕቱ እንስሳ!» አልን በአንድ ድምፅ። ኅዳር 8 የሚከበሩት፣ ሕዝቅኤልም ዮሐንስም በራእይ ያዩዋቸው። የፈረንጅ ጥንቆላ ያልነው ካርድ ላይ የሰፈራችንን ሥዕል አገኘን።

ነገሩን ስናነብ ደግሞ ታሮት ለጥንቆላ እንዳልተሠራ ተረዳን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ የመጫወቻ ካርድ ነበር፤ ዕጣ ማንበቢያ የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በጥንቱ መንኮራኩር ላይ አራት ሰዎች አሉ። አንዱ ሊነግሥ ይወጣል፣ አንዱ ነግሦ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ ነግሦ ይወርዳል፣ አንዱ ከሥር ተረግጧል። የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ለመረዳት ካርድ አያስፈልገውም። የቋራው ሽፍታ ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ከደብረ ታቦር ሴባስቶፖልን እያስጎተተ ሄዶ መቅደላ ላይ በገዛ እጁ ሞተ። ከላይ እስከ ታች፣ 13 ዓመት።

እኛም የራሳችን መንኮራኩር አለን። አውደ ነገሥት ይባላል፤ «የነገሥታት ዙሪያ» ማለት ነው። የሚዞረው በቁጥር ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደል በፊደል ይቆጠራል፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ኮከቡ ይሆናል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት። አንዱ እሳት፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ነፋስ፣ አንዱ ውሃ። ስሞቹ ራሳቸው ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፤ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ ነው። «የአባቶቻችን» የምንለውም መንገደኛ ነበር ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። አሁን ደስ የማይለውን እንንገራችሁ።

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ እህት ታጭታ ነበር። ድግሱ ሊጠነሰስ ሲል የልጁ ቤተሰብ ኮከብ አስቆጠረ። እሷ እሳት፣ እሱ ውሃ ሆነው ተገኙ። «አይገጥሙም» ተባለ። እናቷ አለቀሱና ወደ ሌላ አዋቂ ሄዱ። አዋቂው በቤት ስሟ ፈንታ በክርስትና ስሟ ቆጠሩት። ገጠመ! ግን ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን አጥፈው ሄደው ነበር። ልጁ ሌላ አገባ። እሷን ግን ሰፈሩ ለዓመታት «ኮከቧ ከባድ ነው» እያለ ጠራት። ስም ሲቀየር የሚቀየር ኮከብ የአንዲትን ልጅ ትዳር አፈረሰ፤ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ግን የለም። ሁሉም «ቁጥሩ ነው» አለ።

እኛ ምልክትን አንጠላም። ስኒውም ካርዱም ጥያቄ ሆነው ሲመጡ ጥሩ ናቸው። መንኮራኩሩን ያየን ቀን «ላይ ስንሆን ማንን ረግጠናል? ታች ስንሆንስ ማን አነሣን?» ብለን ስንጨዋወት አመሸን፤ እንዲህ ያለ ወግ ከተጨዋወትን ቆይተን ነበር። ችግሩ ምልክቱ ዳኛ ሲሆን ነው። ያኔ ሰው እምቢ ለማለት ድፍረት ያጣበትን ነገር በኮከብ ያሳብባል። ልጁ «አልፈልጋትም» ማለት ይችል ነበር። ወይም «እፈልጋታለሁ» ብሎ መቆም። ሁለቱንም አላለም።

ቤተ ክርስቲያን ኮከብ ቆጠራን ታወግዛለች፤ ተማሪ ቤት የገባው ደግሞ ኋላ ቀር ይለዋል። ሁለቱም ግን ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ በጓሮ በር ሄደው ያስቆጥራሉ። የከተማው ልጅም በስልኩ «የዛሬ ዕድልህ» የሚለውን ከፍቶ ያያል። ስለዚህ ማንም በማንም አይሳቅ።

እህታችን ዛሬ ባለ ትዳር ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ካርዱን በስልክ ስናሳያት አራቱን እንስሳ አየችና ሳቀች። «መጽሐፍ ዘርግተው የለም እንዴ? እነሱ እንኳ እያነበቡ ነው» አለችን። «የእኔን ሰዎች ግን ቆጠሩኝ እንጂ አላነበቡኝም።»

እናንተስ፣ ሊያገቡ ያሰቡትን ሰው ቆጥራችሁት ነው ወይስ አንብባችሁት?