ነፋሱም የማኅበር ይሁን

በደጋው አፋፍ ላይ የሚኖረው ገበሬ ስለ ነፋስ ከማንም የበለጠ ያውቃል። አውድማውን የሚለቀልቀው ነፋስ በሚያገኘው ጉብታ ላይ ነው። በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ የበተነውን እህል ገለባውን ከፍሬው የሚለይለት ይኸው ነፋስ ሲሆን፣ የሚነሣበትን ሰዓትና የሚመጣበትን አቅጣጫ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሥራውን የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ውቂያው ካበቃ በኋላ ነፋሱ ያለ ሥራ ያልፋል። የዚያው ገበሬ ሚስት ግን እህሏን በአህያ ጭና፣ አህያ ባይኖራት በጀርባዋ አዝላ፣ ወፍጮ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ትጓዛለች፤ ደርሳም ናፍጣ አልቋል ወይም ቺንጋው ተበጥሷል ተብላ ባዶ እጇን የምትመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ዓምድ ለአንባብያን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸውና ነፋስ የማይለያቸው የገጠር ቀበሌዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ በአባሎቻቸው መዋጮ የተገዛና በአባሎቻቸው የሚጠበቅ አንድ አነስተኛ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይትከሉ፤ ወፍጯቸውንና የውሃ ጉድጓዳቸውንም በዚሁ ያንቀሳቅሱ የሚል ነው። ሐሳቡ አጭር ቢሆንም ከሐሳቡ እስከ ሥራው ያለው መንገድ ረዥም ስለሆነ፣ መንገዱን በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል።

ነፋስ ለአገራችን እንግዳ የኃይል ምንጭ አይደለም። የአዳማ ቁጥር አንድ ጣቢያ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ቁጥር ሁለት ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ለብሔራዊው መስመር የተተከሉ ታላላቅ ጣቢያዎች በመሆናቸው ፋብሪካውንና ከተማውን ያገለግላሉ፤ ማገልገላቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን መስመሩ በአናቱ የሚያልፍበት ቀበሌ ሁሉ ብርሃን ያገኛል ማለት አይደለም። ከዚህ በጣም ቀደም ብሎ፣ በ1960ዎቹ፣ በኦሞ ወንዝ ዳርቻ አንድ የሚሲዮን ጣቢያ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት የሸራ ክንፍ ያላቸው የነፋስ ፓምፖች እየሠራ የወንዙን ውሃ ለመስኖ ያወጣ ነበር። ሸራው ነፋስ ሲበረታ በእጅ ይጠቀለላል፤ ሲቀደድ በመርፌ ይሰፋል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን ጥገናው እዚያው በሰፈሩ ሰው እጅ ሊከናወን መቻሉ ነው።

ወታደር እንደሚያውቀው ቅኝት ባልተደረገበት መሬት ላይ ጦር አይሰለፍም። ለነፋስ መሣሪያም ሕጉ ይኸው ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ብቻ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስም ኃይሉ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስበት ጉብታና 3 ሜትር የሚነፍስበት ሸለቆ በዓይን ሲታዩ ጎረቤታሞች ቢሆኑም፣ በሥራ ሲመዘኑ አንዱ ሀብት ሌላው ኪሳራ ነው። ከዚህም በላይ ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት ቤትዝ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንዳረጋገጠው፣ ማናቸውም መሣሪያ ከነፋሱ ኃይል ከመቶ 59 እጅ በላይ ሊወስድ አይችልም፤ ትንንሾቹ መሣሪያዎች በተግባር የሚያገኙት ከዚህም በጣም ያነሰ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የሻጭ ወረቀት ይህን አይናገርም። ወረቀቱ የሚነግረን በባሕር ጠረፍ አየርና በብርቱ ነፋስ የተለካውን ትልቁን ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ተቀንሶ ምን ይቀራል? የክንፉ ዙሪያ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር የሆነ መሣሪያ፣ የዓመቱ አማካይ ነፋስ በሰከንድ 6 ሜትር በሆነበት ደጋ ላይ ቢተከል፣ በቀን በአማካይ 60 ወይም 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ለከተማ ሰው ይህ ኢምንት ነው። ለቀበሌው ግን ምን እንደሆነ እናስላ። ከ30 ሜትር ጥልቀት 20,000 ሊትር ውሃ ለማውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ታስቦ እንኳ፣ ከ3 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። 20,000 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር አንድ ሺህ ጀሪካን ማለት ነው። አንድ ሺህ ጀሪካን ውሃ ከጉድጓድ በእጅ ገመድ የሚጎትቱት ክንዶች ስንት ናቸው? ከዚያም 10 የፈረስ ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር ለአምስት ሰዓት ቢሠራ 37 ወይም 38 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ የተረፈው ለጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ለትምህርት ቤቱ የማታ መብራትና የእጅ ስልክ ለመሙላት ይበቃል።

እዚህ ላይ ዋናው ነጥብ ነፋስ ትእዛዝ የማይቀበል መሆኑ ነው። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ ለነፋስ የሚሰጠው ሥራ መጠበቅ የሚችል ሥራ መሆን ይኖርበታል። ውሃ ሌሊት ነፍሶ በከፍታ ላይ ባለ ታንከር ከተሞላ ጧት ይቀዳል፤ ሁለት ቀን ባይነፍስም ታንከሩ አለ። እህልም ቢሆን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ቢተላለፍ አይበላሽም። ኤሌክትሪክን በብዛት በባትሪ ማጠራቀም ግን ውድ ስለሆነ ባትሪው ለመብራትና ለማቀዝቀዣው ብቻ እንዲሆን እንመክራለን። ሁሉም ቤት ምጣድ እንዲሰካበት የታሰበ ማመንጫ በመጀመሪያው ሳምንት ይወድቃል።

በውጭ አገር የተደረገውን እንመልከት። በዴንማርክ ፖል ላ ኩር የተባለ መምህር በ1891 (እ.ኤ.አ.) በአስኮቭ የገጠር ትምህርት ቤት በነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀምሮ፣ የገበሬ ልጆችን በኤሌክትሪክ ሙያ ያሠለጥን ነበር። በዚያው አገር በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረውን የትቪንድን ታላቅ ተርባይን የገነቡት መምህራን፣ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከኮፐንሃገን ፊት ለፊት በባሕር ላይ ከተተከሉት የሚድልግሩንደን 20 ተርባይኖች ግማሹ ከ8,500 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ንብረት ሆኗል። ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በስኮትላንድ የሚገኘው የኤግ ደሴት ምሳሌ ይመስለናል። መቶ ያህል ሰዎች የሚኖሩበት ይህ ደሴት ከዋናው መስመር ጋር ያልተገናኘ በመሆኑ ነዋሪው በየቤቱ በናፍጣ ጄኔሬተር ይኖር ነበር። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደሴቱን በማኅበር ከባለርስቱ ገዙ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎዋት የሆኑ አራት የነፋስ ተርባይኖችን ከወንዝና ከፀሐይ ኃይል ጋር አጣምረው የራሳቸውን መስመር ዘረጉ። ከመሣሪያው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሕጋቸው ነው። ማንም ቤት፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ አይወስድም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የእድር ደንብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

የተቃራኒውንም ምሳሌ ሳናነሣ አናልፍም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቷል። ተርባይኖቹ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተተክለው ሲያበቁ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የማስተላለፊያ መስመር ባለመድረሱ እስከ 2018 ድረስ ለአገሪቱ ኃይል ሳይሰጡ ቆይተዋል። ከዚያም በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) በሜሩ የተቀመጠው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለጣቢያው መሬት የባለይዞታነት ማረጋገጫ የተሰጠበት መንገድ ሕጉን ያልተከተለ ነበር ሲል ፈረደ። ከብቱን በዚያ መሬት ላይ የሚያሰማራው ሕዝብ አስቀድሞ በወጉ ባለመጠየቁ ነገሩ ችሎት ደረሰ። የምንናገረው ስለ ትንሽ መሣሪያ ቢሆንም፣ ትንሹም የሚተከለው በአንድ ሰው ግጦሽ ወይም ማሳ ላይ ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከምሰሶው በፊት መልስ ማግኘት አለበት። በእኛ አስተያየት ባለቤቱ ማኅበሩ ብቻ ነው። አስተዳደሩ አይደለም፤ ሠራዊቱም አይደለም። ይህን የምንለው በሁለቱም ላይ ቅሬታ ኖሮን አይደለም። መሥሪያ ቤት የተከለውን ማሽን ሕዝቡ የመሥሪያ ቤቱ ነው ብሎ ያየዋል፤ ሲሰበርም ባለቤቱ መጥቶ እንዲጠግነው ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት፤ ሹሙም ይዛወራል። በዚህ ዓይነት ዝገው የቆሙ ፓምፖችን ያላየ የገጠር መንገደኛ ያለ አይመስለንም። የጦር ሠፈር በአቅራቢያው ቢኖር እንኳ፣ ከማኅበሩ ኃይል መስመር መሳብ የለበትም፤ ወታደሩ ዱቄት የሚያስፈልገው ከሆነ እንደማንኛውም ደንበኛ ኩንታሉን አስመዝኖ ዋጋውን ይክፈል። የሠራዊቱ እገዛ በሌላ በኩል ነው። ማማው በሽቦ ገመድና በካስማ የሚወጠር፣ ለጥገና ወደ መሬት የሚጋደም ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ይህን ማቆምና ማውረድ ለአንድ የሬዲዮ አንቴና ላቆመ የመገናኛ ወታደር የጧት ሥራ ነው። (የመብረቅ መሬት ሽቦ እንዳይረሳ እሱ ራሱ ያስታውሳል።) ሠፈሩ ወርክሾፕ ካለው ሁለት የቀበሌው ወጣቶች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ለጥቂት ወራት ገብተው ብየዳና የሞተር ጥገና ይማሩበት።

ማኅበሩ ሲቋቋም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መንገዱን ስለሚያሳይ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርሕ ግን በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ ዕጣ የመግዣው ዋጋ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም እንዲከፈል እንጠይቃለን። ጉድጓድ የቆፈረ፣ ድንጋይ የጫነ፣ አሸዋ ያቀረበ ሁሉ የቀን ሥራው ይመዝገብለት። ደቦ ያለ መዝገብ ያምራል፤ ዕጣ ግን መዝገብ ይፈልጋል። በአካባቢው የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው ካለ ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ድንጋዩ አለው፣ ሙያው አለው፣ ደንበኛው ያውቀዋል፤ የናፍጣ ሞተሩም ነፋስ በጠፋበት ሳምንት ተጠባባቂ ይሆናል። በአባልነት ይግባ። የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ በተመለከተ ደግሞ፣ እህል ተሸክመው የሚመላለሱት ሴቶች ናቸውና ከሦስቱ ቁልፎች ሁለቱ በሴቶች እጅ ቢሆኑ ትክክል ነው እንላለን።

ከሚነሡት መቃወሚያዎች ብርቱው የፀሐይ ጉዳይ ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ባለፉት ዐሥር ዓመታት እጅግ ወርዷል፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለውም ጥገናው ቀላል ነው። ነፋሱ መካከለኛ በሆነበት ቀበሌ ፀሐይ ያሸንፋል፤ እዚያ የነፋስ ማማ እንዲተከል አንመክርም። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር በቅርብ በሚያልፍበትና ቀበሌውን ለማገናኘት በተያዘበትም ስፍራ ማኅበሩ ገንዘቡን ለወፍጮው ሞተር ቢያውለው ይሻላል። የምንናገርለት ሌሊትም ጭምር የሚነፍስበት፣ ዛፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለበት አፋፍ ነው። እዚያም ቢሆን ሁለቱን ማጣመር ብልህነት ነው። በአብዛኛው ደጋችን ነፋሱ በበጋ በርትቶ በክረምት ይደክማል፤ በክረምት ደግሞ ጅረቱ ይሞላል፤ የውሃ ወፍጮ የለመደ ቀበሌ የዚህን ጥቅም ከእኛ መማር አይሻውም።

ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው ኩንታል ጀምሮ ካልተያዘ ግን ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው። ከእያንዳንዱ ኩንታል የወፍጮ ዋጋ ላይ የተወሰነ ሳንቲም ተነሥቶ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ፤ ለሠርግም ለለቅሶም አይነካ። ሁለተኛው ደንብ ትንሽ ቢመስልም ጠብ የሚያስነሣው እሱ ነው። የክንፉ የታችኛው ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለ ዛፍና ቤት ሁሉ 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይህን ከፍታ ይሻማል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማንም ባሕር ዛፍ እንዳይተክል ከመጀመሪያው በስምምነት ይጻፍ፤ መሬቱ የሚከለከልበት ሰውም ካሣውን በዕጣ ያግኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ተርባይን አይደለም። አንድ ረዘም ያለ ምሰሶ፣ አንድ የነፋስ መለኪያና አንድ ደብተር ነው። ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነክር፣ የበጋው ነፋስ ሳይበረታ፣ ሽማግሌዎቹ አውድማ ይሆናል በሚሉት ጉብታ ላይ ይተከል፤ እስከ ሚቀጥለው መስቀልም ይቆይ። ቁጥሩን ጧት፣ ቀትርና ማታ የሚያነቡት የቀበሌው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቢሆኑ፣ ደብተሩም በእድሩ ሳጥን ቢቀመጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቀበሌው ተሰብስቦ የሚከራከርበት የራሱ አኃዝ ይኖረዋል።