«ጠጥቶ ነው እኮ!»

ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነው ተቀምጠው የሚያውቁ ከሆነ ይህችን አባባል አይረሷትም፤ «ጠጥቶ ነው እኮ! መጠጡ ሲለቀው እንደሱ ያለ ሰው የለም።» ባል አንገቱን ይደፋል፣ ሚስት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ቡና ይፈላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ጥፋተኛው ታውቋል፤ አረቄው ነው።

እስቲ አረቄን በደንብ ወደሚያውቁት አገር፣ ወደ መንዝ እንሂድ። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ ባና ደርበውም እንቅልፍ እምቢ ይላል። እዚያ አረቄ «ብርድ ያባርራል» ይባልለታል። (እውነቱ ተቃራኒው ነው። አልኮል ደምን ወደ ቆዳ ስለሚስብ የሞቀን ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ሙቀቱን እያባከነ ነው።) ከጠላ ጋርም አንድ አይደለም። ጠላ በማኅበርና በሰንበቴ፣ ከእህል ጋር፣ በጎረቤት ፊት ይጠጣል። አረቄ ግን ከገበያ መልስ፣ ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ፣ በመለኪያ ይጨለጣል። ቢራ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ ደህና ሆኖ የወጣ አረቄ 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ጫት ቅሞ «ጨብሲ» የሚለው አለ፤ እሱን ሌላ ወር እመለስበታለሁ።

አረቄ የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ጭሱን ችላ የምታወጣ እናት በዚያ ገንዘብ ለልጆቿ ደብተር ትገዛለች። የሷ ደንበኛ ደግሞ የሌላዋ ባል ነው። «አረቄ ቤት ሁሉ ይዘጋ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ለዚያች እናት ምን እንዳሰበላት መጠየቅ ያምረኛል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ሲከለክል ደግ አደረገ ብያለሁ። ግን አረቄ መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል?

አሁን ወደ ጥፋተኛው። ሰውየው አረቄ የቀዳችለትን ሴት አልመታም። ያበደረውንም ሰው አልመታም። መንገድ ላይ ሚሊሻ ሲያገኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ብሏል። ቤቱ እስኪደርስ ጠብቋል። ማንን መምታት እንደሚቻል እስከዚህ ድረስ ለይቶ የሚያውቅ ሰው አእምሮውን ስቶ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

መጠጥ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አዘውትሮ የሚሰክር ባል ያላቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይበልጥ ይጠቃሉ። ነገር ግን በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28 በመቶ። ወጥ አሳርራ፣ ሳትነግረው ወጥታ፣ መልሳ ተናግራ። ይህ እምነት በመለኪያ አልተቀዳም፤ ከመጠጡ በፊት ቤት ውስጥ ነበር። አረቄው ድፍረቱን ይጨምራል፣ በማግስቱ ደግሞ ሰበብ ይሆናል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን ይናገራል። «የቤት ጉዳይ» ብሎ አላለፈውም።

እርስዎም በሚቀጥለው ሽምግልና ቡናው ከመፍላቱ በፊት ሚስትየዋን ለብቻዋ ያነጋግሯት። እሱ ፊት ከጠየቋት የምትመልሰው ለእሱ ነው። ሳይጠጣ መትቷት ያውቃል? ዛሬ ማታ ወደዚያ ቤት ለመግባት ትፈራለች? ከፈራች አይመልሷት፤ ዘመድ ቤት ትደር። ጉዳት ካላት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታከም፣ የሕክምና ማስረጃም ትያዝ። ነገሩን ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ መንገር ካሰበች ብቻዋን አትሂድ፤ አብረዋት ይሂዱ። ባልየው መጠጥ ለማቆም መታከም ከፈለገ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ እሱ ታክሞ እስኪጨርስ ግን እሷ እዚያው ቤት ሆና መጠበቅ የለባትም።