ነባሩ ድረ ገጽ ለእጅ ስልክ ይስማማ

የእህል ዋጋ፣ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ አጠቃቀም መመሪያ፣ የተባይ መከላከያ ምክርና ይህን የመሳሰለው መረጃ ከወረቀት አልፎ በድረ ገጽ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል። ይሁንና ስማርት ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩት ድረ ገጾች የተዘጋጁት ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ፊት ለሚቀመጥ ሰው ነው። በገጠር ቀበሌ ደግሞ መረጃ የሚነበበው በኮምፒዩተር ሳይሆን በእጅ ስልክ ነው። መረጃው አለ እየተባለ ገበሬው ዘንድ የማይደርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የችግሩ አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። ገጹ ስለ ስፋቱ ለስልኩ ምንም ካልነገረው፣ ብዙዎቹ ስልኮች ገጹን 980 ፒክስል ያህል ስፋት እንዳለው ገምተው በጠባቡ መስኮት ውስጥ አጨናንቀው ያሳዩታል። ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ያንሳል። አንባቢው በጣቱ ሲያጎላው ደግሞ ግማሹ ገጽ ከመስኮቱ ይወጣል። በዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዋጋው ዓምድ ሲታይ የእህሉ ስም ስለሚሰወር፣ የገብሱን ዋጋ የስንዴ ነው ብሎ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ሊኖር ይችላል። ዋጋውን አስቀድሞ አጣርቶ ከሚጠብቀው ነጋዴ ጋር ሲገናኝ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

አንዳንድ ወገኖች አሮጌው ድረ ገጽ ተጥሎ አዲስ የስልክ መተግበሪያ ይሠራ ይላሉ። መተግበሪያ ግን በየስልኩ መጫን፣ ቦታ መያዝና በየጊዜው መታደስ የሚፈልግ ሲሆን ለሥራውም ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። በነባሩ ገጽ ላይ ደግሞ የብዙ ዓመት ድካም ተከማችቷል። ማረሻው ሲደነዝ ገበሬ ማረሻውን ያስቀጠቅጣል እንጂ ሞፈርና ቀንበሩን አይጥልም። ለድረ ገጹም የሚበጀው ይኸው ነው።

እድሳቱ ከባድ አይደለም። አሜሪካዊው የድረ ገጽ ነዳፊ ኢታን ማርኮት በ2010 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ መሠረት፣ አንዱ ገጽ እንደ መስኮቱ ስፋት ራሱን ያስተካክላል፤ በኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ዓምዶች በስልክ ላይ አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ። የመጀመሪያው እርምጃ ገጹ የስልኩን ስፋት እንዲከተል የሚያዝ አንድ መስመር ማስገባት ነው። ከዚያም የጽሑፉ ፊደል ወደ 16 ፒክስል ከፍ ሊል፣ የሚነካውም ቁልፍ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይገባል። በእርሻ ሥራ የጠነከረ ጣት ጠባብ ቁልፍ ለይቶ መንካት ይቸግረዋልና።

የፎቶግራፍ ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። ከካሜራ በቀጥታ የተጫነ አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋ ባይት ሊመዝን ይችላል። በስልክ መስኮት ልክ ሲቀነስ ግን 100 ኪሎ ባይት ያህል ይበቃዋል፤ ይህም ከሠላሳ እጅ አንዱ ነው። የቀረው ሁሉ ከገበሬው ኪስ ያለ ጥቅም የሚወጣ የካርድ ገንዘብ ነው።

በአማርኛ ለተጻፉት ገጾች ሌላም ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው ጽሑፍ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ሌላው እድሳት ሁሉ ከንቱ ነው።

ብዙ ገበሬዎች የያዙት ተራ ስልክ ስለሆነ ድረ ገጽ ምን ይረባቸዋል የሚል ጥያቄ ይነሳል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የእርሻ ምክር በድምፅ ማሰማቱ ለእነዚህ ገበሬዎች የታሰበ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ሠንጠረዥና ሥዕል በድምፅ አይተላለፉም። በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ተማሪ ልጅ ስማርት ስልክ ከያዘ፣ የሚነበብ ገጽ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

በዚህ ረገድ የገበሬዎች ማኅበራት መሪዎች ተራ ተመልካች መሆን አይገባቸውም። በቀበሌው ከሚገኙት ስማርት ስልኮች ርካሹን ይዘው፣ ኔትወርኩ ከሚደክምበት ሥፍራ ቆመው፣ አንድ አባል የዕለቱን የእህል ዋጋ ከገጹ እንዲያወጣ ያድርጉ። ገጹ ለመከፈት የፈጀውን ጊዜ፣ ያልተነበበውን ፊደልና ያልሠራውን ቁልፍ መዝግበው ለዩኒየኑና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ። ገጹ ታደሰ የሚባለው ያው አባል በዚያው ስልክ ዋጋውን ያለ ረዳት አንብቦ ሲናገር ነው።