ሃይድሮጅኑ ለፋብሪካ፣ ፀሐዩ ለጣሪያችን

«ሃይድሮጅን መጣ፣ መኪናውም ቤቱም በእሱ ይሆናል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሃይድሮጅን ከሞላ ጎደል የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከጋዝ አንድ ኪሎ ሲወጣ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ታዲያ ንጽሕናው የቱ ላይ ነው?

ውኃን በመብራት ሰንጥቆ ማውጣትም አለ። መብራቱ ከፀሐይ ከመጣ ይኼኛው ንጹሕ ነው። ግን ለአንድ ኪሎ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ መልሳችሁ መብራት ስታደርጉት የሚተርፋችሁ ሲሶው ያህል ነው። ሦስት ቁና እህል ይዞ ሄዶ አንድ ቁና ዱቄት ይዞ የሚመለስ ሰው ባለ ወፍጮውን አይጠይቅም?

ሃይድሮጅን ጭራሽ አይሠራ አልልም። ማዳበሪያ ያለ አሞኒያ፣ አሞኒያም ያለ ሃይድሮጅን አይሆንም። (የሐይፋውን የአሞኒያ ታንክ ታስታውሳላችሁ፤ በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ባዶ የተደረገው።) ብረት ያለ ከሰል ለማውጣትም ያስፈልጋል። እዚያ ይሂድ።

ለገላ መታጠቢያ ግን? ይህ አገር ከ1980 ጀምሮ ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ዱድ ሼሜሽ በሕግ አስገድዷል። ፀሐይ በቀጥታ፣ ያለ ደላላ! እኔ በሥራዬ በምገባባቸው አሮጌ ሺኩኖች ግን ዱዱ ተበላሽቶባቸው የጡረታ ገንዘባቸውን ለመብራት የሚገብሩ እናቶች አሉ። የመንግሥት ገንዘብ ለሃይድሮጅን አውቶቡስ ከመመደቡ በፊት እነሱ ጣሪያ ላይ ይውጣ። የከተማው ተመራጮች ድምፅ ሊለምኑ ሲመጡ ቡና ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ የኛ ጣሪያ መቼ ነው?