የጎደለው ሒሳብ በማን ስም ተጻፈ?

ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ለመጨዋወት ለተሰበሰበ ሰው ስለ ቤዝቦል ማውራት ለእንግዳ በጾም ቀን ሥጋ እንደማቅረብ ሳይቆጠርብኝ አይቀርም። ሆኖም ከስፖርቶች ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ የሚቀርበው ቤዝቦል ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ የሚኖረው በመዝገብ ነውና። የጨዋታው ወዳጅ 60 ሲባል ቤብ ሩትንና 1927ን፣ 61 ሲባል ሮጀር ማሪስንና 1961ን፣ 755 ሲባል ሀንክ አሮንን ያስታውሳል፤ እኛ አንድ ስንኝ ሲጠራልን ባለቅኔው ፊታችን ድቅን እንደሚልብን ማለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሮቹ የሆም ራን ቁጥሮች ናቸው፤ መቺው የተወረወረለትን ኳስ በዱላው ከሜዳው አጥር ውጭ ሲያሳርፋት ሆም ራን ይባላል።

እኔ ቀን ቀን የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ማታ ማታ ስንኝ ቋጣሪ ነኝ። የተበላሸ መዝገብ ሳይ በሁለቱም ሙያዬ ያመኛል። የዛሬው ጽሑፌም ከዚሁ ሕመም የመነጨ ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ኦገስት 7 ቀን 2007 ሌሊት ነው። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ አንድ ዓመቴ፣ ዕድሜዬም አሥራ ሰባት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዱት አጎቴ ከሥራ ተመልሰው፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባሪ ቦንድስ የሚባል ተጫዋች፣ የኛው ከተማ ቡድን የናሽናልስ ተጫዋች ማይክ ባክሲክ የወረወረለትን ኳስ ከአጥር ውጭ ሰደዳት። 756ኛው ነበር። በዚህች ምት የሀንክ አሮን ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። አጎቴ ግን ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ምነው ደስ አላለዎትም?» አልኳቸው።

«ይኼ ሰውዬ መድኃኒት ወስዷል እየተባለ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ታዲያ ሰዉ ለምን ያጨበጭብለታል?»

«ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ ነዋ! አላጨበጭብም ቢል የከሰረው እሱ ነው።»

ያን ዕለት ሳቅሁ። ዛሬ ግን ስለ ቤዝቦልና ስለ አበረታች መድኃኒት ከተጻፈው ሁሉ የአጎቴን መልስ የሚያክል አላገኘሁም።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ ልተርከው። በኦገስት 1994 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የዓመቱ የፍጻሜ ግጥሚያም ተሰረዘ። በተከታዩ ዓመት ለአንድ ጨዋታ የሚገባው ተመልካች በአማካይ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ባለቤቶቹ ደነገጡ። ከዚያ 1998 መጣ። ማርክ ማግዋየርና ሳሚ ሶሳ የማሪስን 61 ለመስበር ተሽቀዳደሙ፤ ማግዋየር 70፣ ሶሳ 66 መቱ። የራቀው ተመልካች ተመለሰ፤ ሁለቱም የጨዋታው አዳኝ ተብለው ተወደሱ። በዚያው ኦገስት የአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ስቲቭ ዊልስቲን በማግዋየር ቁም ሣጥን ውስጥ አንድሮስቴንዲዮን የሚባል ነገር የያዘ ጠርሙስ አይቶ ጻፈ። ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር ጡንቻ ወደሚያዳብረው ሆርሞን ወደ ቴስቶስትሮን ይለውጠዋል። ኦሊምፒክ ከልክሎታል፤ የአሜሪካ ፉትቦል ከልክሎታል፤ ቤዝቦል ግን አልከለከለውም ነበር። ታዲያ ውርጅብኙ በማን ላይ የወረደ ይመስላችኋል? በጋዜጠኛው ላይ! የሰው ቁም ሣጥን በረበረ ተባለ። ማግዋየር ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር በገዛ አንደበቱ ያመነው በ2010 ነው።

«በዚያ ዘመን ሕግ አልነበረም» የሚሉ አሉ። ነበረ እንጂ! በ1991 የያኔው ኮሚሽነር ፌይ ቪንሰንት ስቴሮይድ የተከለከለ መሆኑን ለክለቦቹ በጽሑፍ አሳውቋል። ያልነበረው ምርመራ ነው፤ ምርመራ የሌለው ክልከላ ደግሞ ቁልፍ የሌለው ካዝና ነው። የተጫዋቾች ማኅበር የሰው ምስጢር ይደፈራል ብሎ ምርመራን ተቃወመ፤ ባለቤቶቹም ትርፉ ጣፍጧቸው ነበርና ነገሩን እስከ ጥግ አልገፉበትም። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው የስቴሮይድ ምርመራ የተካሄደው በ2003 ነው፤ እሱም ስም የማይገለጥበት፣ ቅጣት የሌለበት ነበር። ይህ ሲሆን ቦንድስ በአንድ የውድድር ዓመት 73 ሆም ራን ከመታ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዲሴምበር 2007 የቀድሞው ሴናተር ጆርጅ ሚቸል ያዘጋጀው የ409 ገጽ ሪፖርት ወጣ። ከ80 በላይ ተጫዋቾችን በስም ጠቀሰ። ያው ሪፖርት ግን ኃላፊነቱ የተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን የኮሚሽነሮች፣ የክለብ ሹማምንትና የማኅበሩም ጭምር እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ስሞቹ በየአፉ ተነሡ፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር ግን ሰሚ አጣች።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። ኩፐርስታውን በምትባል የኒውዮርክ መንደር ውስጥ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ አለ፤ የታላላቆቹ ምስል በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ለመግባት ከድምፅ ሰጪ ጋዜጠኞች 75 ከመቶውን ማግኘት ያስፈልጋል። ቦንድስ በ2022፣ በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ 66 ከመቶ አግኝቶ ቀረ። ታላቁ ኳስ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስም ከ65 ከመቶ ጥቂት ከፍ ብሎ ቀረ። ከፍርድ ቤት አንጻር ሁለቱም ዛሬ ነጻ ሰዎች ናቸው፤ የቦንድስ ፍርድ በ2015 ተሽሯል፤ ክሌመንስም በ2012 በነጻ ተሰናብቷል። አውቀን አልወሰድንም፣ ጨርሶም አልወሰድንም የሚለውን ቃላቸውን አምኖ የተቀበለ ግን ጥቂት ነው። እኔም ጠበቃቸው አይደለሁም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው።

ከ1992 እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ጨዋታውን የመራው በድ ሲሊግ በ2017 በዚያው አዳራሽ በክብር ገብቷል። ማግዋየር 70 ሲመታ አሠልጣኙ የነበረው ቶኒ ላ ሩሳ በ2014 ገብቷል። የቦንድስ 756ኛ ኳስ እንኳ ገብታለች! አንድ የልብስ ነጋዴ ከ750,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛትና፣ ቁጥሩ አጠራጣሪ ነው ለማለት የኮከብ ምልክት አስቀርጾባት ለአዳራሹ ሰጣት። እንግዲህ አስቡት፤ አለቃው ውስጥ ነው፣ አሠልጣኙ ውስጥ ነው፣ ኳሷም ውስጥ ናት፤ ውጭ የቆመው መቺው ብቻ ነው።

አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ። ተረቱ እዚህ ላይ ልክ አይመጣም፤ የተመታችው አይጥ በእርግጥም ሳትበላ አልቀረችምና። ነገር ግን ጎተራውን ከፍቶ የተኛው፣ እህሉ ሲጎድልም በአይጧ ትርኢት መግቢያ ያስከፈለው ባለቤት ሽልማት ሲቀበል ማየት ምን ይባላል? በሲሊግ ዘመን የሊጉ ዓመታዊ ገቢ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነሥቶ ወደ 9 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። ቦንድስ 755ኛውን መትቶ ከአሮን ጋር እኩል በሆነ ዕለት ሲሊግ ስታዲየሙ ውስጥ ነበረ። ከመቀመጫው ተነሣ፤ እጆቹን ግን ከኪሱ አላወጣም። ብዙዎች ይህን እንደ ዝምተኛ ተቃውሞ ቆጠሩለት። እኔ የባንክ ሰው ነኝና እጁን ሳይሆን ኪሱን አየሁ።

በእኔ መስኮት 20 ዶላር ቢጎድል ማታ ሳልፈርምበት ቤቴ አልሄድም። ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ከፋይ ካዝና ለዓመታት ሲዛባ፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በዚያው መዛባት ትርፍ እያስመዘገበ «አላየሁም» ቢል፣ ከፋዩን አባርሮ ሥራ አስኪያጁን የሚሸልም ኦዲተር በየትኛው አገር አለ? በቤዝቦል አገር አለ።

ይህን ስል «እንግዲያው ሁሉም ወስዷል፤ ሁሉንም ምሮ ማስገባት ነው» የሚል ይነሣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲያውም በሙያዬ መጣብኝ። «እናንተ ገጣሚዎችስ? ስንቱ ግጥም በጫት ምርቃና፣ ስንቱ በአረቄ መለኪያ ተጻፈ! ይሰረዝ ብለህ ታውቃለህ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሁለት ቀን አብሰለሰልኩት። መልሴ ይህ ነው። እኔ መርቅኜ ብጽፍ የማንም ስንኝ አይሰረዝም፤ የሚጎዳ ቢኖር እኔው ነኝ። ግጥም የወንበር ቁጥር የለውም። የቤዝቦል ቡድን ግን አለው፤ በዚያ ዘመን 25 ነበር። አንዱ በመርፌ ተደግፎ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በ1998 የትልቁ ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 170,000 ዶላር ሲሆን፣ ከታች የሚጀምረው ወጣት በወር 1,000 ዶላር እንኳ አያገኝም ነበር። በዚያች በአንዷ ወንበርና በታችኛው ሊግ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ቤተሰብ ሕይወት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በ1994 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ፎርት ማየርስ ሚራክል በሚባለው የሚኒሶታ ትዊንስ የታችኛው እርከን ቡድን፣ ችሎታቸው የተቀራረበ አራት ኳስ ወርዋሪዎች ነበሩ። አንዱ፣ ዳን ኖልቲ፣ ስቴሮይድ ወሰደ። ሰውነቱ ገዘፈ፤ የሚወረውራት ኳስ ፈጠነች። በ1996 ትልቁ ሊግ ገባ፤ በ1999 ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ሦስቱ አልወሰዱም። ሦስቱም በትልቁ ሊግ አንድ ቀን ሳይጫወቱ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ። ይህን የምናውቀው ኖልቲ ራሱ ከጊዜ በኋላ ተጸጽቶ፣ የሰው ቦታ መንጠቁን በግልጽ ተናግሮ ይቅርታ ስለጠየቀ ነው። ያልተናገሩት ስንት ናቸው? በእነሱ ምክንያት የወጡትስ?

በሙያዬ የመጀመሪያው ትምህርት እያንዳንዱ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል የሚል ነው፤ በአንድ ወገን የተጨመረ በሌላ ወገን ሳይቀነስ አይቀርም። አሜሪካ ስለ ቤዝቦል ሠላሳ ዓመት ስትከራከር የኖረችው በአንዱ ወገን ብቻ ነው፤ 70ው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር፣ 73ቱ ይጽና ወይስ ይፋቅ፣ 762 የቦንድስ ነው ወይስ 755 የአሮን። በሌላው ወገን ከማን ሒሳብ ተቀነሰ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። «ሁሉም ወስዷል» የሚለው አባባል ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ያልወሰዱት አሉ፤ የማናያቸው ስላልወሰዱ ነው። ንጽሕናቸው ከመዝገብ አስወጣቸው፤ እኛ ደግሞ ከመዝገብ መጥፋታቸውን አይተን «አልነበሩም» አልን።

ስለዚህ የምጠይቀው ምሕረትም በቀልም አይደለም፤ የተሟላ ሒሳብ ነው። ቦንድስና ክሌመንስ ይግቡ፤ የተመሰከረባቸውም፣ የካዱትም፣ ፍርድ ቤት ያለውም በነሐሱ ላይ አብሮ ይጻፍ። በሲሊግ ነሐስ ላይም ምርመራ ሳይኖር ያለፉት ዓመታት በቁጥራቸው ይጻፉ። ከጎናቸውም አንድ ስም የሌለው፣ ምስል የሌለው ነሐስ ይሰቀል፤ አልወስድም ብለው ተራቸው ሳይደርስ ለቀሩት። ይህ ካልሆነ አዳራሹ የዝና ሳይሆን የመርሳት አዳራሽ ነው።

እኔስ? እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ይህን ጨዋታ ወደድኩት፤ ትኬት ገዝቼ ገባሁ፤ ኳሷ አጥር ስትሻገር እንዴት ተሻገረች ብዬ ሳልጠይቅ አጨበጨብኩ። አጎቴ እንዳሉት ከፍዬ ነበራ! ሒሳቡ ሲከፈት የእኔም ፊርማ በአንድ ጥግ ይገኛል።

በልማዴ በስንኝ ልሰናበታችሁ፤

ነሐሱ ላይ ወጣ የአለቃው ፊት፣
ኳሷም ተቀመጠች በመስታወት ቤት፤
መቺው በር ላይ ቀረ አንገቱን አቀርቅሮ፣
ንጹሑስ የት አለ ስሙ ተቀብሮ?
ሒሳቡ ተዘጋ አትበሉኝ ገና፣
የአንድ ሰው እንጀራ ጎድሎበታልና።

ቸር እንሰንብት።